ያልታጠበ ጣት

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ ለነካኪው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ገብቶ ይሙቅህ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅ፣ እግርህን ከእንቅፋት ያርቅ፣ አለቃህንም ያለዝብልህ። እኛ ሁላችንም አለን። እናትህ «መቼ ነው የሚያገባው ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላኛለች። እኔ ግን አልጠይቅህም፤ እኔም ሳላገባ ኖሬ ሰማይ አልተደፋብኝም።

ያልደወልኩልህ ስናደድ በስልክ ቃል ስለሚጠፋኝ ነው። አሁን ደግሞ እሳት ጎርሻለሁ።

ከሆስፒታላችን መድኃኒት መጋዘን የሞርፊን ብልቃጥ ጎደለ ተባለ። መጋዘኑ ያው የኔ ነው፤ ፀጉሬ የሸበተው እዚያ መደርደሪያ ሥር ነው። ቁልፉ ከወገቤ ስለማይወርድ ሐኪሞቹ እንኳ ስሜን ትተው «ቁልፏ» ነው የሚሉኝ። ጎደለ ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይዙር፣ አልፈራሁም። ቀጥሎ አንድ ኦዲተር ላኩብኝ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሲናገር አፉን የሚያሞጠሙጥ ሰውዬ። ሣጥኖቹን እያገላበጠ ቆጠረና ሲጨርስ ከቦርሳው ትንሽ ወረቀት አውጥቶ «ጣትዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ» አለኝ። አዲስ ምርመራ ነው አሉ፤ በአሻራ ላይ ካለው ላብ ሰው ምን እንደወሰደ ይታወቃል። አሳረፍኩለት።

ውጤቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተገኝቷል»። ምን እንደተገኘ የሚናገር የለም። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ፣ በማር በተለወሰ አንደበት፣ «በጤና ምክንያት በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለው ይፈርሙ፤ ጡረታዎ ይከበራል፣ ጉዳዩም ተዳፍኖ ይቀራል» አለኝ። «ተዳፍኜ የምቀረው እኔ ነኝ እንጂ ጉዳዩ አይደለም» ብዬው ወጣሁ። እናትህ «ፈርሚና ረፊ» ትለኛለች። በሞተች እህታችን ስም እየማለች ነው የምትለምነኝ።

አንተ በልጅነትህ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየነካካህ ስታምሰን ነው ነካኪው ያልንህ። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ፖሊስ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጠህ ሰው የነካውን በኬሚካል መመርመር መተዳደሪያህ ሆነ። እስቲ ያ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ


ጥቅምት 24

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከሁሉ በፊት ለጤናዎ እጅግ አድርጌ አስባለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የመጣብዎትንም ነገር እንዳመጣጡ ይመልስልዎ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት ስለሌለው መምሸቱን የማውቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ነው። እናቴን በሥራ ብዛት ነው ይበሉልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሰው ዕቃ ሲነካ ላብና ቅባት ትቶ ያልፋል። ድሮ የሚፈለገው የአሻራው መስመር ብቻ ነበር፣ ጣቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ። አሁን ላቡ ራሱ ይመረመራል። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በክብደቱ የሚለይ ማሽን አለን፤ ሰውዬው የነካውን፣ የዋጠውን፣ አንዳንዴም የተቀባውን ቅባት ሳይቀር ይናገራል። የእርስዎ ወረቀት ግን ማሽን አላየውም። እሱ ፈጣን መለያ ነው፤ የሞርፊን ዘመድ የሆነ ነገር ሲያገኘው ቀለሙን ይቀይራል፣ በቃ። የትኛው ዘመድ እንደሆነ አያውቅም። ከሰውነት ወጥቶ ይሁን ከሣጥን ተነክቶም አይለይም።

ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም። መሥሪያ ቤቴ ባላየነው ናሙና ላይ አስተያየት እንዳንሰጥ ይከለክላል፤ ጉዳዩ የዘመድ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ምክሬ አጭር ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው እንደገና አሻራ ይስጡ። የተነካ ነገር በሳሙና ይሄዳል፤ ከውስጥ የሚመጣ ግን ቢታጠብም ከላብ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ንጹሕ ከሆኑ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለነካኪው፤

ሰላም ነህ? እኔ ንዴት እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም። ፈጣሪ ትዕግሥቱን ለአንተ ይስጥህ፤ ለእኔ የመደበልኝን ጨርሼዋለሁ።

«ንጹሕ ከሆኑ» ብለህ ጻፍክልኝ። አፍንጫህን እየጠረግኩ ላሳደግኩህ ለእኔ! እናትህ ፈረቃ ስትገባ በጀርባዬ አዝዬህ ስዞር ንጹሕ ነሽ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። ደብዳቤህን ሳነበው ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከልኝ እንጂ ያንተ አልመሰለኝም። ቆሽቴን አሳረርከው።

ቢሆንም ያልከው ገብቶኛል። ያን ዕለት ጠዋት ከአንዱ ሣጥን ውስጥ ብልቃጥ ተሰብሮ፣ ፈስሶ አገኘሁ። ስብርባሪውን በባዶ እጄ ለቀምኩት። ጓንትሽ የታለ እንዳትለኝ፤ እኛ ጋ ጓንት ለሐኪም ነው፣ ለመጋዘን ሲጠየቅ «ምን ልታደርጉበት?» ነው መልሱ። እሱን ጠርጌ፣ ሣጥኑን አሽጌ፣ ገና እጄን በጋዋኔ ሳብስ ነው ያ አፈ ሞጥሟጣ የገባው። ታዲያ ጣቴ ላይ ሞርፊን ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ።

እንግዲህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላክልኝ። «ይህች ሴት ነክታ እንጂ ወስዳ አይደለም» የሚል። ጠረጴዛቸው ላይ አንጥፌላቸው እወጣለሁ።

ታጥበሽ እንደገና ስጪ ያልከውን ግን አላደርገውም። ሌባ ያሉኝ ሳልታጠብ ነው፤ አይደለችም የሚሉኝም ሳልታጠብ ነው። ደግሞ እኔ ብቻዬን ለምን? ሣጥኑን ያገላበጠው ኦዲተሩም ጣት አለው። እሱ ያሳርፍና ከዚያ እንነጋገራለን። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ለእነሱ ብዬ ሳሙና አልነካም።

አክስትህ


ኅዳር 29

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬና ይቅርታዬ አብረው ይድረሱዎ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ሪፖርት ስጽፍ ከዋልኩበት ወንበር ሳልነሳ ነው፤ እጄ የለመደውን ጻፈ። ፈጣሪ ከእኔ የተሻለ ዘመድ ይስጥዎ ብዬ ነበር፣ ግን ያለሁት እኔ ነኝ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ልልክ አልችልም። ብልክም አይረባዎትም፤ የእህቷ ልጅ ጻፈላት ብለው ይስቁብዎታል። ይልቅ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ታጥቦ መመርመር የሚጠቅመው እርስዎን ነው። በስብርባሪው የተነካካ ሰው ሳሙና ሲባል ሮጦ ነው የሚሄደው። እርስዎ ግን እምቢ አሉ። ንዴት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ እርስዎን ስለማውቅም ትንሽ አመንኩ።

አክስቴ፣ የሚውጡት ነገር አለ?

የምጠይቅዎ ጠርጥሬዎት አይደለም። ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ሐኪም የሚያዘው፣ ብዙ ሰው የሚወስደው ክኒን ነው። ሰውነታችን ከእሱ ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ስለዚህ እሱን የሚውጥ ሰው ታጥቦም በዚያ ፈጣን ወረቀት «ተገኝቷል» ሊባል ይችላል። እርስዎ ይህን ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው፤ የመድኃኒቱን ጠባይ ከእኔ ይልቅ መጋዘን ውስጥ ሲሰሙት ኖረዋል።

መመለስ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ቀጣዩን ደብዳቤ ግን ይጻፉልኝ።

የእርስዎው


ጥር 2

ለአክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከወር በላይ ቃል አላገኘሁም። እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት፤ «ደህና ናት፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ቀጥ ብላ ማለቷ ጭራሽ አሳሰበኝ፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም።

ተቀይመውኝ ከሆነ ይሳደቡኝ። ስድብዎን ናፍቄያለሁ።

ነካኪው


ጥር 13

ለነካኪው፤

ሰላም ብያለሁ። ፈጣሪ ዓይንህን አይያዝብህ፤ የዓይንህ ነገር ግን ያስፈራል። ባሕር ተሻግረህ ተቀምጠህ እዚህ አብራኝ የምታድር እህቴ ያላየችውን አየህ። ደብዳቤህን ሳነብ ተናደድኩብህ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ለመጻፍ አቅም አጣሁ።

አዎ፣ እውጣለሁ። የጀርባዬ ዲስክ ተንሸራቷል። የተንሸራተተው ካቻምና ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ የሚያውቀኝ ሰው በማይደርስበት ክሊኒክ፣ አንድ ሐኪም ያየኛል፤ ያልከውን ክኒን በማዘዣ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። ከመጋዘኔ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ወረፋ ይዤ፣ ከፍዬ፣ እንደማንም ሰው ነው የምገዛው። አሁንም ወረቀቱ ሁሉ አለኝ።

ለምን ደበቅሽ ትለኝ ይሆናል። የመጋዘን ሠራተኛ ሣጥን ማንሳት አለበት፤ ማንሳት ካልቻለ በጤና ይሰናበታል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ እንዲያ ነው የተሸኘችው፤ እጇ ላይ አበባ አስታቅፈው በሩን ዘጉባት። እኔ ያን በር አልወጣም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ከተቀመጥኩ ስነሳ ፊቴ ይናገርብኛል፣ ስለዚህ አልቀመጥም። ሐኪሞቹ «ቁልፏ ጎበዝ ናት፣ ወንበር አታውቅም» ይላሉ። ጥርሴን ነክሼ እስቃለሁ።

አሁን ደግሞ ምን አቀረቡልኝ? በጤና ምክንያት ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚ። ጉድ እኮ ነው! የጻፉት እውነት ነው፣ ግን ማንም እንደ እውነት አያነበውም። ያ ወረቀት ከፈረምኩበት ቀን ጀምሮ ኮሪደሩ ሁሉ የሚያነበው «ሰርቃ በጤና አሳበበች» ብሎ ነው። እናትህ እንኳ ከልቧ የምታምነኝ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ፈርሚ የምትለኝ፤ ልታድነኝ ነው፣ የእህት ነገር። ይህን መጻፍ ከዲስኩ ይብሳል።

ወስኛለሁ። አልፈርምም። ሌባ ብለው ከሚያባርሩኝ በሽተኛ ብለው ይጣሉኝ፤ እሱንም ቢሆን በጥፍሬም በጥርሴም ታግዬ ነው። ታምሜያለሁ ብዬ ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ። ማኅተምህን አልፈልግም። የምፈልገው ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ነው፤ እንዳያድበሰብሱት አድርገህ ጻፍልኝ። ኮሚቴው በየካቲት መጨረሻ ይቀመጣል።

አክስትህ


የካቲት 3

ለአክስቴ፤ ለጀግናዬ፤

ፈጣሪ ጀርባዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው ያነበብኩት፤ እርስዎ እዚያ ቆመው እየዋሉ እኔ ተቀምጬ ማንበብ አስጠላኝ። እኔን ያዘለኝ ያ ጀርባ ነው እያልኩ ሳስብ ነበር።

የሚጠይቁትን እነሆ። በመጀመሪያ፣ ማንም ሳይጠይቅዎ ክኒኑንና የሐኪሙን ማዘዣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ማሽኑ ከመናገሩ በፊት እርስዎ ከተናገሩ ማንም አጋለጥናት ሊል አይችልም። ከዚያ ምርመራው ሆስፒታሉ በማያዘው ላቦራቶሪ፣ በማሽን ይሁን ይበሉ፤ «ተገኝቷል» የሚል ወረቀት አንቀበልም፣ የተገኘው እያንዳንዱ ነገር በስሙ ይጻፍ ይበሉ። ፈስሶበት የታሸገው ሣጥን አሁንም ካለ ያንኑ ያውጡት። እርስዎም ኦዲተሩም እንደዚያን ዕለት አገላብጡትና ሳትታጠቡ አሻራ ስጡ። ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፣ ጓንት አጥልቃችሁ እጃችሁ እስኪያልበው ቆዩ፣ ከዚያ እንደገና ስጡ። ሞርፊን በመርፌ የሚወስድ ሰው ታጥቦ ሲሰጥ ሞርፊን ይወጣበታል፣ ኮዴይን ግን የለበትም። የእርስዎ ጣት ላይ ኮዴይኑ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቂት ሞርፊን አብሮት ቢታይ አይደንግጡ፣ የክኒኑ ልጅ ነው። ይህንንም አስቀድመው ይንገሯቸው። ታጥቤ አልሰጥም ያሉትን እልህ ግን ለዚህች ቀን ብቻ ይተዉልኝ፤ ስለ እግዚአብሔር።

የራሴን ወሬ ልጨምር። ሰሞኑን የአንድ የማላውቀው ሰው ውጤት እንድፈርም ቀረበልኝ። ሲያዝ እጁን ሳያስታጥቡ ነው አሻራውን የወሰዱት፤ ሪፖርቱ ደግሞ አንድ ቃል ነው። አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ «ሁሌ ስትፈርም አልነበር?» አለኝ። ነበር። «አሁን ግን የነካ ይሁን የወሰደ ካልተጻፈ ስሜን አላስቀምጥም» አልኩት። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በዚህ ወር ስለሆነ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ያጥቁር። እርስዎ የቆሙትን ያህል ግን አልቆምኩም።

ነካኪዎ


መጋቢት 21

ለነካኪው፣ ለልጄ፤

ሰላምታዬ እየሮጠ ይድረስህ! ፈጣሪ ያክብርህ፣ ስምህን የምታስቀምጥበትን ወረቀት ሁሉ የእውነት ያድርግልህ። ውልህ ታደሰ ወይ? ባይታደስም ቀና ብለህ ሂድ፤ እኛ ጋ የምትተኛበት አልጋ አለህ።

ኮሚቴው የተቀመጠው ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ማንም በማያነብበት ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ኦዲተሩ አለ፣ ሰብሳቢዋ ዋናዋ ነርስ ናት፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት። ገና ስሜ ሳይጠራ ክኒኑንና ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። «ዲስክ አለብኝ፣ የምውጠው ይህ ነው፣ ኮዴይን ታገኙብኛላችሁ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ እስካሁን ለምን…» ሲል «እንዳትሸኙኝ ብዬ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሴም ገረመኝ።

ከዚያ ያልከውን አንድ ሳላስቀር ጠየቅኩ። ኦዲተሩ «ጣትዎን» ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ የተጠረጠርኩ ሰው አይደለሁም» አለ።

«እኔም ጣቴን እስካሳርፍልዎ ድረስ አልነበርኩም» አልኩት።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አደረገችና «ያሳርፉ» አለችው። ሳትስቅ። ያ ያሸግኩት ሣጥን ወጣ፤ አገላብጠን ሁለታችንም አሳረፍን፣ ታጥበንም ደገምን።

ውጤቱ ዛሬ ተነበበ። ሳይታጠብ በተሰጠው አሻራ ላይ፣ በእኔም ሞርፊን፣ በኦዲተሩም ሞርፊን። በታጠበው ላይ፣ በእሱ ምንም፤ በእኔ ኮዴይን፣ ከሥሩም አንተ የክኒኑ ልጅ ያልካት ትንሽዬ ሞርፊን። እያንዳንዱ በስሙ ተጽፏል። ሰብሳቢዋ ሁለቴ አነበበችው፤ ሁለተኛውን ለኦዲተሩ ነው ያነበበችለት። እናትህ በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ዘላ አቀፈችኝና ጀርባዬን ያዘችብኝ፣ ጮህኩ፣ እሷም ጮኸች። «ምነው ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ?» እያለች ስታለቅስ ዋለች። ይቅር ተባብለናል። የጎደለው ብልቃጥ ገና አልተገኘም፤ ይፈልጉት።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ሥራ አስኪያጁ የውሳኔ ወረቀት አዘጋጅቶ እንድፈርም ሰጠኝ። «ባላት ረጅም አገልግሎት ምክንያት ይቅርታ ተደርጎላታል» ይላል። አየሁት። ደሜ ፈላ። ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ? «ይህን አልፈርምም፣ አልወሰደችም ተብሎ ይጻፍ» አልኩ። «ትርጉሙ ያው ነው እኮ» አለኝ። «ያው ከሆነ መጻፉ ምን ያስቸግርዎታል?» አልኩት። «እንግዲህ ጊዜ የለንም» አለኝ።

አንድ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። እፊታቸው፣ በጠራራ ቀን፣ እያቃሰትኩ። ያ ሁሉ ዘመን ያልተቀመጥኩትን ተቀመጥኩበት። «እኔ ጊዜ አለኝ» አልኳቸው፤ «መታመሜን አውቃችኋል፣ ከእንግዲህ በመቀመጥ አላፍርም። ተስተካክሎ እስኪጻፍ እዚህ ነኝ»። ኦዲተሩ ሰዓቱን አየ፣ ሥራ አስኪያጁ አጉረመረመ፣ ሰብሳቢዋ ብዕሯን አወጣች። በራሷ እጅ «አልወሰደችም» ብላ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ «የጤናዎን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው እናየዋለን» ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። «እንተያያለን፤ እስከዚያው ለመጋዘኑ ጋሪና ጓንት ይግዙ» አልኩት። ይመጡብኝ ይሆናል። ይምጡ። መጋዘኑ ውስጥ ነው የሚያገኙኝ።

ፈረምኩ። ልነሳ ስል ጀርባዬ ያዘኝና ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ኦዲተሩ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ሊያነሳኝ እጁን ዘረጋልኝ።

«መጀመሪያ ይታጠቡ» አልኩት።

አክስትህ